የሶተርን ወይንና የቤኒሻንጉል ማር

ሶተርን በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ በጋሮን ወንዝ ግራ ዳር የሚመረት ጣፋጭ ነጭ ወይን ነው። ነጭ ይባል እንጂ መልኩ የወርቅ ነው፤ በጠርሙስ ውስጥ በቆየ ቁጥርም እየጠቆረ ይሄዳል። በስሙ የመጠቀም መብት ያላቸው ሶተርን፣ ባርሳክ፣ ቦም፣ ፋርግና ፕሬኛክ የተባሉ አምስት ጎረቤት መንደሮች ብቻ ናቸው። ከእነዚህ ወሰን አንድ እርምጃ አልፎ በተተከለ ወይን የተሠራ መጠጥ የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ሶተርን መባል አይችልም። ይህን የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1936 እ.ኤ.አ. ነው።

የአካባቢው ምስጢር ሲሮን የምትባል ትንሽ ወንዝ ናት። ሲሮን በጥድ ደን ጥላ ሥር ስለምትፈስ ውሃዋ ቀዝቃዛ ነው፤ ጋሮን ግን ሰፊና ፀሐይ ያሞቀው ወንዝ ነው። በመከር ወራት ሁለቱ ሲገናኙ ከምሽት ጀምሮ ጭጋግ ይነሳና እስከ ረፋድ ድረስ የወይን ማሳዎቹን ሸፍኖ ያድራል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ትወጣና ጭጋጉን ትገፈዋለች። ሌሊት እርጥበት፣ ቀን ደረቅ ሙቀት፤ ይህ መፈራረቅ ለሳምንታት ሲቀጥል ቦትራይቲስ ሲኒሪያ ለተባለ ሻጋታ ልክ የሆነ ሁኔታ ይፈጠራል።

ቦትራይቲስ በየትም አገር የሚገኝ የገበሬ ጠላት ነው። በኢትዮጵያም የጽጌረዳ አምራቾች አበባው ለውጭ ገበያ ከተቆረጠ በኋላ የአበባ ቅጠሉን እያበሰበሰ የሚያበላሽባቸው ይኸው ሻጋታ ስለሆነ ጠንቅቀው ያውቁታል። ዝናብ ያለማቋረጥ በሚዘንብበት ቦታ የወይን ዘለላ ላይ ሲወጣ ፍሬውን አፈንድቶ ያኮመጥጠዋል። በሶተርን ግን የቀኑ ደረቅ አየር ለሻጋታው ልክ ያበጅለታል። የሻጋታው ክሮች የበሰለውን ፍሬ ስስ ልጣጭ ይበሱታል፤ በቀዳዳዎቹም የፍሬው ውሃ በፀሐይ ይተናል። ፍሬው ይጨማደዳል፣ ቡናማ ይሆናል፣ አመድ የመሰለ ብናኝ ይለብሳል። ለዓይን የተበላሸ ይመስላል። ውስጡ የቀረው ጭማቂ ግን እጅግ የወፈረ ነው፤ የተለመደ የወይን ጭማቂ በሊትር 200 ግራም ገደማ ስኳር ሲኖረው የዚህ ከ300 ግራም ሊያልፍ ይችላል።

ሻጋታው ሁሉንም ፍሬ በአንድ ቀን አይዝም። ስለዚህ ለቀማው እንደ ሌላው ወይን በአንድ ጊዜ አያልቅም። ለቃሚዎች በአንድ ማሳ ብዙ ጊዜ እየተመላለሱ፣ በደንብ የተጨማደደውን ብቻ አንዳንዴም ፍሬ በፍሬ ይለቅማሉ። በአካባቢው እጅግ የታወቀው እርሻ ሻቶ ዲኬም ከአንድ የወይን ግንድ የሚያገኘው አንድ ብርጭቆ ያህል ብቻ ነው። የቦርዶ ወይኖች በ1855 እ.ኤ.አ. በደረጃ ሲመደቡ ከሶተርን ወይኖች ሁሉ በላይ ብቻውን የተቀመጠውም ይኸው እርሻ ነበር። ወቅቱ ሲበላሽ ዲኬም በስሙ ምንም ወይን አያወጣም፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የሆነው ይህ ነው። የአንድ ዓመት ገቢ መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ የስሙ ክብር የቆመው ግን እንዲህ ባለው ውሳኔ ላይ ነው።

ጭማቂው ወደ በርሜል ሲገባ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል መቀየር ይጀምራል። የስኳሩ ብዛት ግን ለእርሾውም ከባድ ነው፤ ከሕዋሱ ውስጥ ውሃ ይስብበታል። አልኮሉ 13 ወይም 14 በመቶ ሲደርስ እርሾው ይዳከምና ሥራውን ያቆማል፤ ሳይለወጥ የቀረው ስኳር በሊትር ከ100 ግራም በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ጣፋጭ መጠጥ አፍ ላይ የማይሰለቸው አሲዱም አብሮ ስለከረረ ነው። ከአሲዶቹ አንዱ ግሉኮኒክ አሲድ ይባላል፤ ቦትራይቲስ በያዘው ወይን ውስጥ በርከት ብሎ ስለሚገኝ አጥኚዎች ሻጋታው ፍሬውን መያዝ አለመያዙን ለማወቅ ይመረምሩታል።

ይኸው ግሉኮኒክ አሲድ የማር ዋነኛ አሲድ ነው። ነገሩ የአጋጣሚ መገጣጠም ብቻ አይደለም። ሻጋታው በወይን ፍሬ ላይ የሚሠራውን ሥራ ንብ በአበባ ፈሳሽ ላይ ትሠራዋለች፤ የሁለቱም ሥራ ከአንድ ቀጭን ጣፋጭ ፈሳሽ ውሃውን አውጥቶ ስኳሩን ማክረር ነው። ኢትዮጵያ ወርቃማ ጣፋጭ መጠጧን ለማግኘት የሄደችው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። መጠጡ ጠጅ ነው፤ ከማር አገሮቿ መካከል ስሙ እምብዛም የማይነሳውም በምዕራብ ዳር ያለው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው።

በክልሉ ዋና ከተማ በአሶሳ ስለ ወይን ፍሬ ቢታሰብ የአየሩ ጠባይ ፊት አይሰጥም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ በኩል ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የወይን ግንዶቹን ከተከለበት ከባቱ፣ ከቀድሞዋ ዝዋይ፣ ብዙም አትርቅም። ልዩነቱ ዝናቡ ነው። ባቱ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለ ደረቅ አካባቢ ስለሆነ አምራቹ ለእያንዳንዱ ግንድ ውሃ የሚሰጠው በጠብታ መስኖ እየለካ ነው። ሻርዶኔ የተባለውን የፈረንሳይ ነጭ ወይን ጨምሮ የዚያ እርሻ ምርቶች በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋሉት በዚህ ዘዴ ነው። አሶሳ ግን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ዝናቡም ከሚያዝያ ወይም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ያለ ረጅም እረፍት ይወርዳል። በዚህ ወቅት የሚያፈራ የወይን ዘለላ ቦትራይቲስ ያገኘው እንደሆነ የሚገጥመው የሶተርኑ ዕድል ሳይሆን መበስበስ ነው።

ለወይን ፍሬ ጠላት የሆነው ይህ ክረምት ለአበባ ግን ሲሳይ ነው። ክልሉ ወደ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ዓባይ መካከሉን ሰንጥቆት ያልፋል። ወደ ሱዳን ወሰን የሚወርደው ቆላ ከ600 ሜትር በታች ሲደርስ በሌላው በኩል ከ2,500 ሜትር የሚያልፉ ተራሮች አሉት። በዚህ ከፍታና ዝቅታ ላይ የቆላ ቀርቀሃ፣ አባሎ፣ ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ የዕጣን ዛፍና ግራር ተሰባጥረው ይበቅላሉ። ዝናቡ በመስከረምና በጥቅምት ሲቀንስ ሜዳው በአደይ አበባና በመጭ ቢጫ ይለብሳል፤ የተዘራው ኑግም ያብባል። ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። የአሶሳ አካባቢ መለያ የሆነው ማንጎ የሚያብበው ደግሞ በበጋ፣ ሌላው አበባ በሚያንስበት ጊዜ ነው። ዛፎቹ በተለያየ ወቅት ስለሚያብቡ የጥቅምቱ ማርና ክረምቱ ከመግባቱ በፊት የሚቆረጠው ማር በመልክም በጣዕምም አንድ አይሆኑም።

የንቡ ዝርያም የራሱ ጠባይ አለው። የኢትዮጵያን ንቦች በአካል ልኬት ለይተው ያጠኑት አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአገሪቱ አምስት ንዑስ ዝርያዎች መኖራቸውን አሳይተዋል። ከከፍታ ጋር የንቡ መጠን ይለወጣል፤ የደጋ ንብ ትልቅና ጠቆር ያለች፣ የቆላ ንብ አነስ ያለችና ቢጫነት የሚታይባት ናት። የቆላ ንብ ቁጡ ናት፤ ምግብ ሲያጥርም ቀፎዋን ጥላ መንጋዋን ይዛ ትሰደዳለች። አናቢው ይህን ስለሚያውቅ ባዶ ቀፎ አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅልና መንጋው እስኪመጣ ይጠብቃል።

ቀፎው የሚሠራው ከአካባቢው ካለው ነገር ነው። ቀርቀሃ ተሰንጥቆ እንደ ረጅም በርሜል ይጠለፋል፣ በጭቃ ወይም በእበት ይለቀለቃል፣ በሣር ይሸፈናል፤ በሌላ ቦታ የዛፍ ልጣጭ ይጠቀለላል። ከዚያ ከማር አውጪ አውሬና ከሰደድ እሳት እንዲርቅ ረጅም ዛፍ ላይ ይወጣል። የጉሙዝ፣ የሺናሻ፣ የበርታ፣ የማኦና የኮሞ አናቢዎች በዚህ ሙያ የተካኑ ናቸው። ቆረጣው የሚከናወነው በሌሊት ነው፤ አናቢው በአንድ እጁ የሚጨስ ችቦ ይዞ ዛፉ ላይ ይወጣል። የሚያስፈልገው ድፍረት ብዙ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው ዋጋ ግን ድፍረቱን አይመጥንም።

በቀፎው ውስጥ የሚሆነው ነገር ከሶተርኑ ማሳ ይልቅ ፈጣን ነው። ኔክታር የሚባለው የአበባ ፈሳሽ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ቀሳሚዋ ንብ ይህን በሆዷ ይዛ ስትመለስ ለቤት ውስጥ ሠራተኞች ታቀብላለች፤ እነሱም ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበሉ በምራቃቸው ኢንዛይም ያዋሕዱበታል። ኢንቨርቴዝ የተባለው ኢንዛይም የአበባውን ስኳር ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል። ሌላው ኢንዛይም ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይባላል፤ ከግሉኮሱ ጥቂቱን ወደ ግሉኮኒክ አሲድ ይቀይራል፣ በዚያው መጠን ተሕዋስያንን የሚገድል ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ያመነጫል። ከዚያ ንቦቹ ፈሳሹን በማር እንጀራው ላይ ዘርግተው በክንፋቸው ያራግቡታል። ውሃው 18 በመቶ አካባቢ ሲደርስ እንጀራውን በሰም ያሽጉታል። በዚህ ደረጃ ያለ ማር ለባክቴሪያም ለእርሾም የሚተርፍ ውሃ ስለሌለው ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል።

የቤኒሻንጉል ማር ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የዝናቡ ወቅት እርጥበት ሳይለቅ የተቆረጠና ንቦቹ ገና ያላሸጉት ማር ውሃው 20 በመቶ ያልፋል፤ በዕቃ ውስጥ እንዳለም በራሱ እርሾ መፍላት ይጀምራል። በባህላዊ ቀፎ እጩና ማሩ፣ ሰሙና የአበባ ብናኙ ተቀላቅሎ ስለሚወጣ ማሩ ይደፈርሳል። የችቦውን ጭስ ሽታም ይዞ ይቀራል። ፍሬሞቹ ተነቅለው በሚመለሱበት ዘመናዊ ቀፎም ሆነ በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ባለው የሽግግር ቀፎ የታሸገውን እንጀራ ብቻ መርጦ ማውጣት ይቻላል፤ በዲኬም ማሳ የተጨማደደውን ፍሬ ብቻ ከመልቀም ጋር በመሠረቱ አንድ ሥራ ነው። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነው። የፈረንሳዩ ለቃሚ የመረጠው ፍሬ በጠርሙሱ ዋጋ ላይ ይታያል፤ የጉሙዙ አናቢ የመረጠው ማር ገበያ ሲደርስ ካልተመረጠው ጋር በአንድ በርሜል ይገለበጣል።

በርሜሉ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ጠጅ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ብትሆንም አብዛኛው ማሯ የሚጠጣው እዚያው አገር ውስጥ፣ በጠጅ መልክ ነው። እስልምናን በሚከተሉት የበርታ ቤተሰቦች ዘንድ ማር ምግብና መድኃኒት ሆኖ ይቀራል፤ ከክልሉ ወጥቶ በነጋዴ እጅ ወደ ምሥራቅ የሚጓዘው ግን የጠጅ ጋን ይጠብቀዋል።

ጠጅ ሲጣል ንብ ያወጣችው ውሃ ተመልሶ ይገባል። አንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ይህ ሳይፈላ ሲጠጣ ብርዝ ነው። ስኳሩ ሲቀጥን እርሾ መሥራት ይችላል፤ እርሾውም ከማሩ፣ ከጌሾውና ከዕቃው ይመጣል እንጂ ለብቻው አይገዛም። በጥናት እንደታየው ከእርሾዎቹ መሪው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪዚዬ ነው፤ የሶተርንን ጭማቂ የሚያፈላው፣ ዳቦም የሚያነሳው እሱ ነው። ከእሱ ጋር የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች አብረው ይሠራሉ፤ የጠጅ ለስላሳ ኮምጣጣነት ከእነሱ የመጣ ነው።

ጌሾ ደግሞ ሁለት ሥራ አለው። የመጀመሪያው መራራነት ነው፤ ጌሾይዲን የተባለ ውህዱ ጣፋጩን ይመክተዋል፤ በሶተርን ውስጥ አሲዱ የሚሠራውን ሥራ በጠጅ ውስጥ ምሬቱ ይጋራዋል። ሁለተኛው ለእርሾው ምግብ መሆን ነው። ማር ስኳር ሞልቶት ናይትሮጅን ግን ያጥረዋል፤ ናይትሮጅን የሌለው እርሾ ደግሞ አይራባም። የተቀቀለው የጌሾ እንጨት ከሚለቃቸው ነገሮች መካከል ይህን ጉድለት የሚያቃልል ይገኛል። በወይራ የታጠነው ጋን ከተከደነ በኋላ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ ሳምንት እስከ ብዙ ሳምንታት ይፈላል፤ አሶሳ ላይ ከቀዝቃዛዋ ደብረ ብርሃን ፈጥኖ ይደርሳል። ሲጠለል አልኮሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይሆናል። ቀደም ብሎ የወጣው ለስላሳ፣ ስኳሩ እስኪያልቅ የተተወው ደረቅ ነው። ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍም አይጣልም፤ ተነጥሮ ሰም ይሆናል።

አንድ ጥሩ ጠጅ ከየትኛው አገር ማር እንደተጣለ የሚያውቅ ጠጪ በድሮ ጊዜ ብዙ ነበር፤ ዛሬ በብርሌ የሚቀርበው ግን ስኳር የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። ቅልቅሉን በአፍ መለየት ያስቸግራል፤ በላቦራቶሪ ግን ይቻላል። ሸንኮራ አገዳ ካርቦንን ከአየር የሚይዝበት ኬሚካላዊ መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው አብዛኛዎቹ አበቦች መንገድ የተለየ ነው። በዚህ የተነሳ ካርቦን 13 የተባለው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት በአገዳ ስኳር ውስጥ ከፍ፣ በማር ውስጥ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ መጠኑ ሲለካ የተጨመረው ስኳር ይጋለጣል። የክልሉ ማሳ ማሽላ የሞላበት መሆኑ ፈተናውን አያደናግርም፤ ማሽላ እንደ አገዳ ያለ ሣር ቢሆንም ለንቧ የሚሰጣት ብናኝ እንጂ ኔክታር አይደለም።

የማሩን አገር ለማወቅም ሳይንሱ አለ። እያንዳንዱ አበባ ብናኙ የራሱ ቅርጽ አለው፤ ማር ውስጥ የቀረው ብናኝ በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር ንቧ በምን አበባ እንደዋለች ይነግራል። ከተቆጠረው 45 በመቶ በላይ የአንድ ዕፅ ብናኝ ከሆነ ማሩ በዚያ ዕፅ ስም እንዲጠራ በተለምዶ ይፈቀዳል። የአባሎ፣ የዶቅማና የመጭ ብናኝ በአንድ ላይ የሚገኙበት ማር ከትግራይ ነጭ ማርም ሆነ ከካፋና ከሸካ የጌተም ማር ይለያል። ይህን የሚያሳይ የብናኝ መዝገብ ወረዳ በወረዳ፣ ወቅት በወቅት መሰብሰብ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሆለታ የንብ ምርምር ማዕከልና የአሶሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሊጋሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ክልሉ ጥንትም በሌላ ወርቅ ነው የታወቀው። የአካባቢው ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ከአሶሳ ለዳግማዊ ምኒልክ ግብር የሚልኩት የተማሰ ወርቅ ነበር፤ ዛሬም የቤኒሻንጉል ስም ሲነሳ ወርቁ፣ እብነበረዱና ጉባ ላይ የተሠራው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ቀድመው ይታወሳሉ። ማሩ ግን ዛፉ እስካለ ብቻ የሚቆይ ሀብት ነው። ለግድቡ ሐይቅ ከተመነጠረው ደን ሌላ የእርሻ መስፋፋት፣ ከሰልና በበጋ የሚለቀቀው ሰደድ እሳት የአበባውን አገር ያጠቡታል። ቀርቀሃውም በብዙ ዓመታት አንድ ጊዜ አብቦ በጅምላ የሚደርቅ ተክል ስለሆነ በእሱ ቦታ ወዲያው ሌላ ነገር ሊዘራበት ይችላል። ማር ጥሩ ዋጋ ሲያወጣ ግን ዛፉን ከመቁረጥ ይልቅ ቀፎ መስቀል ያዋጣል።

ዋጋ በስም እንደሚመጣ ከአፍሪካ ውስጥ ምስክር አለ። በሰሜን ምዕራብ ካሜሩን፣ በኦኩ ተራራ ደን ውስጥ የሚገኘው ነጭ ማር በ2013 እ.ኤ.አ. እንደ ሶተርን በትውልድ ቦታው ስም በሕግ ተመዝግቧል፤ ከዚያ ደን ውጭ የተቆረጠ ማር በዚያ ስም መሸጥ አይቻልም። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት መላክ ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ገብታለች። ለክልሉ ዞኖች ለአሶሳና ለመተከል ማር የቀረው ሥራ የታወቀ ነው፦ ከታሸገው እንጀራ ብቻ መቁረጥ፣ ውሃውን በቆረጣው ቦታ መለካት፣ የአንዱን ወረዳና ወቅት ማር ከሌላው ሳይቀላቅሉ በንጹሕ ዕቃ መያዝ፣ በዕቃውም ላይ ወረዳውንና የቆረጣውን ወር መጻፍ። ጠጅ ጣዩም ጋኑ ላይ ይህን ማር ሲጨምር ከየት እንደመጣ ያውቃል፤ ለጠጪውም ሊነግረው ይችላል።